ዲያቆኑን በሁዳዴ የዳረችው ዘነበች

በ2011 ዓ.ም. የሰባ ዓመት ሰው ነበርኩ። እድሜዬን የምናገረው እንዲነሡልኝ አይደለም። ሰው በዚያ እድሜው ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይገጥመኝም ብሎ ያስባል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ዶሮ ማነቂያ ባለችው ጠባብ ሱቄ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የወፈረ ሰው ሲመጣ የኮቱን ጎን ፈትቼ እለቃለሁ። በቃኝ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ዘነበች ግን አላስቀመጠችኝም።

ዘነበች ባለፈው ዓመት ሞተች። ሰፈሩ ፈርሶ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላ ጫፍ ደርሰን ስለነበር መሞቷን የሰማሁት በስልክ ነው። ቀብሯ ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው የሕይወት ታሪኳን አነበበ። «በጠላት ወረራ ዘመን ላይ የተመሠረቱ መንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለዶችን ለአንባቢ አበርክታለች» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አለቀ። ቤቴ እስክገባ ድረስ ነገሩ ሲበላኝ ዋለ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ተቀመጥኩ። ሰውየው ሴትዮዋን አያውቃትም! ያነበበው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን አያውቃትም። እኔ ከቄስ ተማሪ ቤት ዳዊት ሳልደግም የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጽሕፈት ይከብደኛል። ቢሆንም እኔው ልሞክረው።

አጭር፣ ቀጭን ሴት ነበረች። ክረምት ከበጋ አንድ ቡኒ ሹራብ፣ ከላይ ነጠላ፣ ከታች የወጣት ሸራ ጫማ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። መቀመጥ ያስጠላኝ ያኔ ነው ትላለች። እውነትም ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። የምትጽፈው ማኪያቶ ቤት ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብላ፣ ቆማ ነው። ሐሳብ ሲጠፋባት ከጊዮርጊስ ተነሥታ በአራት ኪሎ አድርጋ እስከ አምስት ኪሎ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ መንገዱን ሁሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የማያውቃት የምትጸልይ ይመስለዋል። የታክሲ ረዳቶች ግን ያውቋታል።

«ማዘር! ልጅቷ አገባች ወይስ ገና ናት?»

«ገና ናት። አንተስ?»

«እኔማ መቼ ገንዘብ አገኘሁ!»

«እሷም እንዳንተው ናት፤ ጸልይላት» ብላ ታልፋለች።

መጽሐፎቿ ሁሉ በጣልያን ጊዜ ነው የሚሆኑት። ሁሉም ውስጥ ሁለት የሚዋደዱ ክርስቲያኖች አሉ፣ ጣልያን አለ፣ መጨረሻው ላይ ተክሊል አለ። አንድ ቀን «ሌላ ዘመን የለም እንዴ?» አልኳት።

«ጋሽ ተክሌ፣ ዛሬ ሁለት ሰው ቢዋደድ ማን ይከለክለዋል? ይደዋወላል፣ ካፌ ይገናኛል፣ በሦስተኛው ወር ይጣላል። በጣልያን ጊዜ ግን ከጉለሌ አራዳ ለመምጣት በኬላ ማለፍ ነበረበት። ፍቅር ኬላ ካላገኘ ምኑን እጽፈዋለሁ?»

አንድ መጽሐፍ ሻጭ ደግሞ እኔ ሱቅ ውስጥ «እትዬ ዘነበች፣ ትንሽ መሳሳም ጣል ጣል አድርጊበት፣ ይሸጣል» ብሎ ለመናት።

«መጀመሪያ ይጋቡ፣ ይቁረቡ። ከዚያ በሩን የምዘጋው ራሴ ነኝ። አንተ ደጅ ቁም» አለችው።

ራሷ ግን አላገባችም። ለምን ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔ ጠይቄያት «የማገባቸውን ሁሉ ለመጽሐፍ ሰጠኋቸው» ብላ ስቃብኛለች።

ጽፋ ስትጨርስ መጀመሪያ የምታነብልኝ ለእኔ ነበር። ስለምወድላት አይደለም፤ እኔ ሰው ደስ ይበለው ብዬ አልናገርም። የስፌት መኪናዬ የእግር ናት። እያነበበች እግሬን ታየዋለች። መኪናዬ ካላቆመች ገጹን ታጥፈውና «ይሄ አልሆነም» ትላለች። እግሬ ከቆመ ቀጥ ብላ ታነባለች። ሐሳቤን ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ሆን ብዬ እግሬን አቁሜላት «ይተዉ ጋሼ፣ ክሩ አልቆብዎት ነው» ብላ አሳፈረችኝ። ክሩ አላለቀም ነበር። ግን ያነበበችው እውነትም ደባሪ ነበር።

ሁለት ሌላ ጠባይ ነበራት። አንደኛው፣ በጾም የፍቅር ነገር አትጽፍም። ነቢያትም ይሁን ፍልሰታ፣ ጾሙ ሲገባ የሚዋደዱትን ሁለቱን ሰዎች ትለያያቸዋለች። ወይ አንዱ ይታሰራል፣ ወይ አንዱ ይታመማል። ሁዳዴማ ሲመጣ ረጅም ስለሆነ አገር ታስለቅቃቸዋለች። አንባቢዎቿ ይህን ስለሚያውቁ ጾሙ ሊገባ ሲል «ዘንድሮስ የት ልትልኪው ነው?» ይሏታል።

ሁለተኛው፣ ሰው የሚያማት በዚህ ነው፤ ለቅሶ ቤት ታዘወትራለች። የምታውቀው ሰው ሲሞት ብቻ አይደለም። ድንኳን ካየች ገብታ ሽማግሌዎቹ ያሉበት ጥግ ትቆማለች። ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ስለ ሟቹ ማውራት ይሰለቸውና የራሱን ዘመን ማውራት ይጀምራል። እሷ የምትፈልገው ያንን ነው። ባንዳው እንዴት እንደተመታ፣ ቂጣ በምን ተደብቆ ለአርበኛ እንደተላከ፣ ማን ማንን ሳይሰናበት እንደሄደ። አትጽፈውም፤ ሰምታ ትወጣለች። ከዓመት በኋላ መጽሐፏ ውስጥ ሌላ ስም ተሰጥቶት ይመጣል። እሷ ራሷ የሰማችውን ከራሷ ካወጣችው መለየት ይሳናት ነበር። ያ ነው ያን ዓመት ጉድ ያፈላው።

ያን ዓመት የምትጽፈው ስለ አንድ ዲያቆን ነበር። ይትባረክ ይባላል። የጣልያን ሹም ቤት በግድ እንድትሠራ የተወሰደች እጮኛ አለችው። ዘነበች በየወሩ በማርያም ማኅበራችን ጸበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ የደረሰችበትን ታነብልን ነበር። ሰዉ ከእህሉ ይልቅ ንባቡን ይጠብቃል። ወይዘሮ አሰገደች የምትባል ጎረቤታችን ከዚያ ሁሉ ብሳ ጊዮርጊስ ሄዳ ለዲያቆን ይትባረክ ጧፍ አበራች። ዘነበች ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች።

«አሰገደች፣ ሰውየው እኮ የለም!»

«የለም ማለት? ጣልያን አሳደደው ብለሽ አይደል ያነበብሽልን?»

«እኮ በመጽሐፍ!»

«እና በመጽሐፍ ያለ ሰው ጸሎት አይፈልግም?»

እኔ ሳቅሁ። ከወር በኋላ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የየካቲት ማርያም ተረኛዋ እማማ በላይነሽ ነበሩ። ዘጠናን ያለፉ፣ ባለቤታቸውንም ልጆቻቸውንም የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ማኅበሩን ያወጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ሁዳዴ ሊገባ ቀናት ቀርተውት ስለነበር ዘነበች እንደ ልማዷ ዲያቆኑን ወደ ቡልጋ ጫካ ልትልከው ነው። ቆማ አነበበች። ዲያቆኑ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ፣ መታጠቂያ አልነበረውም፣ የታናሽ እህቱን ነጠላ ከላይዋ ገፎ ወገቡን ታጠቀ። ልጅቱ ነቅታ አለቀሰች። «ዝም በይ፣ ስመለስ ራሴ አለብስሻለሁ» አላትና ወጣ።

«ቆይ» አሉ እማማ በላይነሽ።

ዘነበች ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«ይህንን ማን ነገረሽ?»

«የቱን እማማ?»

«የነጠላውን።»

«ኧረ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«የሚፈጥር እግዚአብሔር ነው። ማን ነገረሽ ነው የምልሽ? ነጠላው የኔ ነው።»

እማማ በላይነሽ ወንድም እንደነበራቸው እናውቃለን፤ በየነ ይባላል፣ በጣልያን ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ያን ዕለት ተናገሩ። ያለቀሰችው ልጅ እሳቸው ናቸው። ነጠላውን የወሰደው እሱ መሆኑን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ እናታቸው ነጠላ ጣልሽ ብለው ሲገርፏቸው እንኳ ዝም ብለዋል፣ ከተናገሩ ጣልያን የሚሰማ መስሏቸው።

«እኔ ካልተናገርኩ፣ የተናገረው እሱ ነው። ከጫካ ለሰው አውርቷል። ያ ሰው ላንቺ ነግሮሻል። ማን ነው?»

ዘነበች ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ አመድ መሰለ። «ለቅሶ ቤት ነው የሰማሁት። የቱ ለቅሶ እንደሆነ... ጠፋኝ እማማ። በማርያም ጠፋኝ።»

እማማ በላይነሽ ለምን ይህን ያህል እንደጨነቃቸው ልንገራችሁ፤ እሳቸው ያሉንን ነው። ሰማንያ ዓመት ያህል የወንድማቸውን ስም በቅዳሴ ያስጠሩት በሕይወት ካሉት ጋር ነው። እናታቸውም እስኪሞቱ እንደዚያ አደረጉ። ሬሳ ያላየ ሰው በገዛ አፉ ወንድሙን ሞቷል አይልም። «ግን ከሞተ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ፍትሐት አጥቶ ያለ ጸሎት አስቀምጬዋለሁ። ካልሞተ ደግሞ በቁሙ ልቀብረው ነው። እኔም መሄጃዬ ደርሷል። ማን ጋር ላስጠራው? ይህን ብቻ ንገሩኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘነበችን የሚይዛት ጠፋ። ድሮም አትቀመጥም ነበር፤ አሁን ግን ማኪያቶዋን እንኳ አዝዛ ሳትጠጣ ትወጣለች። ድንኳን ገብታባቸው የነበሩትን ቤቶች አንድ በአንድ ታንኳኳለች። ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ ሥላሴ አካባቢ። «ባለፈው ጊዜ እናንተ ጋ ለቅሶ ስደርስ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ነበር ወይ?» ትላለች። የትኛው ለቅሶ ቤት ነው ከዘራ የያዘ ሽማግሌ የሌለበት! አንዳንዱ ይስቅባታል፣ አንዳንዱ ይቆጣታል። አንዱማ «ሴትዮ፣ እኛ ሐዘናችንን ረስተነዋል፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ በር ዘግቶባታል። ሱቄ በር ላይ ብቅ ትላለች፣ «አላገኘሁትም» ትላለች፣ ትሄዳለች። እኔም ሥራ መሥራት አቃተኝ። ስትመጣ ሥራው የዘገየበት ባለሱሪ ይቆጣኛል፣ ሳትመጣ መንገድ መንገዱን አያለሁ።

በመጨረሻ አገኘችው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነበር ቤቱ። ሰውየው የጥንት አርበኛ ነበር፤ ሞቷል። ሴት ልጁ አነጋገረቻት። ዘነበች ከዚያ እየሮጠች መጥታ የሴት ልጁን ቃል ነገረችኝ፦ «አባባ የራሱንም የሰውንም ታሪክ አንድ ላይ ነበር የሚያወራው። የእህቱን ነጠላ ስለታጠቀው ልጅ ሰምተናል። ልጁ ምን ሆነ ብለን ስንጠይቀው ግን ዝም ይል ነበር።»

«ዝም ካለ ሞቷል» አልኳት።

«ወይም ተለያይተዋል።»

«ቢለያዩ ተለያየን ይል ነበር።»

«እርስዎ ነበሩ ጫካ?» ብላ ጮኸችብኝ። ዘነበች ጮኻብኝ አታውቅም ነበር።

ለእማማ በላይነሽ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። እሳቸው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዝም አለ ብዬ ከማን ጋር ላስጠራው?» አሉ። በዚያው ሳምንት ወደቁ። ወገባቸው ነው ተባለ፣ ሳንባቸው ነው ተባለ፤ እድሜያቸው ነው። አልጋቸው ላይ ሆነው ዘነበችን አስጠሩና እኔ እየሰማሁ እንዲህ አሏት፦ «መጽሐፍሽን ጨርሺልኝ። እኔ ወንድሜን የማውቀው በልጅነቴ ነው። አንቺ ግን ጠባዩን ጽፈሽዋል፣ አውቀሽዋል። እንደዚያ ያለ ልጅ የት እንደሚደርስ ከኔ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ከፋሲካ በኋላ እጨርሰዋለሁ እማማ።»

«ፋሲካን የማገኝ ይመስልሻል?»

ዘነበች ከዚያ ወጥታ ሱቄ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ሱቄ ውስጥ ለመንጎራደድ ቦታ የለም፤ እሷ ግን ከመኪናው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መኪናው ተመላለሰች።

«ሞተ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «ሴትዮዋ ይረፉ። ስሙን ከሙታን ጋር ያስጠሩና ይገላገሉ።»

«በማን ምስክርነት?»

«መጽሐፉ ያንቺ አይደለም እንዴ? ምስክር ምን ያደርግልሻል?»

«ጋሽ ተክሌ፣ እሳቸው መጽሐፍ አይደለም የሚሰሙት። እኔ ሞተ ካልኩ በየነ ሞተ ማለት ነው። ያላየሁትን ሞት ልመስክር? በሐሰት አትመስክር የሚለው ለታይፒስት አይሠራም?»

«እንግዲያው በሕይወት አለ በይ።»

«እሱም ሐሰት ነው።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው? ዝም ልትዪ? አንድ ሰው ዝም ብሎ እዚህ አድርሶናል!»

እዚህ ላይ መንጎራደዷን አቆመች። ዕድሜ ልኳን ከመመላለስ የማታርፍ ሴት ቀጥ አለች። «ከመጀመሪያው ያሰብኩለትን እጽፋለሁ» አለች። «እኔ ይትባረክን የጀመርኩት ላጋባው ነው። ያ የመጽሐፌ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። ደስ ብሏቸው ይሰናበቱ።»

«ሠርግ በሁዳዴ?»

«ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።»

እንዴት እንደጻፈችው አላየሁም። ለእኔ አላነበበችልኝም። ያ ሳምንት ባንኮኒዋ ባዶ ነበር፤ የታክሲ ረዳቶቹ እኔን «ፋዘር፣ ደራሲዋ ታመመች?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ቤቷን አንኳኩቼ አልከፈተችም። ውስጥ ግን ስትራመድ ይሰማኛል፤ ወለሉ ጣውላ ነው።

የመጋቢት ማርያም ከሰዓት በኋላ፣ ጾም ሳይፈታ፣ እማማ በላይነሽ አልጋ ዙሪያ ተሰበሰብን። አሰገደች አለች፣ ሌሎች ሴቶች አሉ፣ እኔ በሩ አጠገብ ነኝ። ዘነበች ከስታለች። ወረቀቷን አወጣችና አነበበች።

ጣልያን ወጣ። አርበኛው ጎፈሬውን እንዳጎፈረ ከተማ ገባ። ዲያቆን ይትባረክ ከመካከላቸው ነበር። ጊዮርጊስን ተሳልሞ ዳገቱን ሮጠ። እጮኛው ደጃፍ ላይ ሲደርስ እሷ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር፤ እንስራው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ካህናቱ፣ ከዚያ ተክሊሉ፣ ከዚያ ቁርባኑ። ከልቤ ልናገር፣ በሕይወቷ ከጻፈችው ሁሉ የተሻለው ያ ነው። እኔ ራሴ መሐረብ ፈለግሁ። አሰገደች ጾም መሆኑን ረስታ እልል አለች።

እማማ በላይነሽ ግን እጃቸውን አነሡ።

«አንቺ፣ ቆይ። ከጫካ ሲመጣ መጀመሪያ የሄደው የት ነው አልሽ?»

«ጊዮርጊስን ተሳልሞ... እጮኛው ቤት።»

«እህቱስ?»

ዘነበች ወረቀቱን አየች። ገለበጠችው። «በሠርጉ ላይ አለች እማማ። ነጭ ለብሳ፣ ጧፍ ይዛ...»

«አይደለም። መጀመሪያ የት ገባ?»

«እጮኛው ቤት።»

እማማ በላይነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰለን። ከዚያ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ «በየነ ቢመጣ ኖሮ ወደ ሙሽራ አይሄድም። ነጠላዬን ይዞ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ከሰማይ በታች የሚያስቀረው የለም። እኔም እዚሁ ቤት ነበርኩ፤ ቤት አልቀየርኩም፣ ሰፈር አልቀየርኩም፣ ይኸው እስከ ዛሬ እዚሁ ነኝ። አልመጣም። አልመጣም ማለት ሞቷል ማለት ነው» አሉ።

አሰገደች አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዘነበች ተንበረከከች። «ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ እኔ ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው። እህቱን ረሳኋት። እሰርዘዋለሁ፣ አሁኑኑ...»

«አትሰርዢ!» አሉ ቆጣ ብለው። «ያቺ ልጅ ምን በደለች? የዚያን ሁሉ ጊዜ ጠብቃ። ታግባ።» እጃቸውን ዘርግተው የዘነበችን ራስ ዳሰሱ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ። እንደዚህ አድርገሽ ባትጽፊው አላውቅም ነበር። አሁን አባን ጥሩልኝ፤ ስሙን ከሙታን ጋር ይጥሩልኝ። ስመ ክርስትናው ገብረ መድኅን ነው።» ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። አዲስ እንደ ሞተበት ሰው ነው ያለቀሱት። «ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ» እያሉ። ሴቶቹ ሁሉ አብረው አለቀሱ።

ዘነበች ደጅ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት። «ጋሽ ተክሌ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ስጽፍ እንደዚህ ያነበበኝ ሰው የለም።» ደስታ ይሁን ሐዘን ከፊቷ መለየት አቃተኝ። ሁለቱም ነበሩ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ቀና ብላ «እድር!» አለችና ተነሥታ ሄደች። ተከተልኳት፤ ደርሼባት አላውቅም።

የእድራችን ዳኛ አቶ ግርማ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘነው። ደንብ አዋቂ ሰው ነው። ዘነበች ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«ሟቹ መቼ ነው ያረፈው?» አለ።

«በጣልያን ጊዜ።»

«ምን?»

«በጣልያን ጊዜ አቶ ግርማ። ያረፈው ያኔ ነው፣ የተረዳነው ዛሬ ነው።»

አቶ ግርማ እኔን አየኝ፣ ቀልድ መሆኑን እንድነግረው። አልነገርኩትም።

«ቀብሩስ?»

«ቀብር የለም።»

«እትዬ ዘነበች፣ አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ። ቀብር ለሌለው ሞት እድር ምን ያደርጋል?»

«እማማ በላይነሽ የዚህ እድር አባል ናቸው። ስንት ዘመን የሰውን ሐዘን ሲቀመጡ ኖረዋል። ዛሬ ወንድማቸው ሞቶባቸዋል። ቤታቸው ሄደህ ራስህ ስማ፤ ከዚያ ለቅሶ አይደለም በል።»

ሄደ። በር ላይ ቆሞ ሰማ። ሲመለስ ዓይኑን እያሻሸ ነበር፤ ግን ግርማ ግርማ ነው። «ድንኳኑን ውሰዱ፣ ወንበሩንም ውሰዱ። ጡሩምባ ግን አላስነፋም። ለፋፊው ሰማንያ ዓመት የቆየ ሞት ይዞ ሲዞር አራዳ ሙሉ ይስቅብናል።»

«ይሳቁ!» አለች ዘነበች።

«አላስነፋም አልኩ።»

እሷም እኔም ተመለስን። ድንኳኑ ተተከለ። ዘነበች ወንበር ስትደረድር፣ ጎረቤት ስትቀሰቅስ፣ አባ ጋ ስትመላለስ አመሸች።

በማግስቱ ሊነጋ ሲል ተነሣሁ። ጋቢዬን ደርቤ አቶ ግርማ ቤት ሄድኩና ጡሩምባውን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ። ግርማ ካልጋው ላይ ሆኖ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መጀመሪያ ስነፋው ነፋስ ብቻ ነው የወጣው። በሁለተኛው ጮኸ። በየደጃፉ እየቆምኩ ተጣራሁ፦

«በየነ፣ የእማማ በላይነሽ ወንድም፣ አርፏል! ቀብር የለም! ለቅሶው እማማ ቤት ነው፣ ኑ፣ ድረሱ!»

ከአንድ ቤት መስኮት ተከፈተና አንዲት ወጣት ራሷን እየሸፈነች ብቅ አለች። «ጋሽ ተክሌ፣ ማን ነው ያረፈው? ታሞ ነበር እንዴ?»

«ቆይቷል» አልኳትና ወደሚቀጥለው በር ሄድኩ።